«ማና» የሚሉኝ አሮጊት

ኦስሎ፣ ላምበርትሴተር በሚባል ሰፈር በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ አንዲት አሮጊት ባዩኝ ቁጥር «ማና» ይሉኝ ነበር። የእኔ ጆሮ አማርኛ ነውና «ማናት?» የሚሉ መሰለኝ። የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሰው ስለሆኑ አልገረመኝም፤ ግን ይከፋኝ ነበር። ጠዋት ገላቸውን አጥቤ፣ ፀጉራቸውን ጎንጉኜ ወጥቼ፣ ምሳ ይዤ ስመለስ ደግሞ «ማና!» ይሉኛል። «እኔ ነኝ እማማ፣ እኔው ነኝ» እላለሁ በራሴ ቋንቋ። እሳቸውም እጄን ይዘው ወሬያቸውን በስፓኒሽ ይቀጥላሉ።

መጀመሪያ ኖርዌይኛው ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛው። የቀረው ስፓኒሽ ነው፤ አንድያ ልጃቸው ደግሞ ስፓኒሽ አትሰማም። ከሥራ በቀጥታ መጥታ አጠገባቸው ትቀመጣለች። እናት ያወራሉ፣ ልጅ ራሷን ትነቀንቃለች። ሳያቸው አንጀቴን ይበሉት ነበር።

አንድ ቀን ቅሬታዬን ስነግራት ሳቀች።

«እማዬ አልረሳችሽም! እኅቴ እያለችሽ ነው። አክስቴን በስልክ እንደዚያ ነበር የምትጠራት። ከስፓኒሽ እኔ ያለኝ እሱ ቃል ብቻ ነው።»

ስለ እናቷ አገር የነገረችኝም ያን ጊዜ ነው። የተወለዱት አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ የሚባል ግዛት፣ ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ድንበሩ በተዛወረ ቁጥር መጀመሪያ የስፔን፣ ቀጥሎ የሜክሲኮ፣ በመጨረሻ የአሜሪካ ሰዎች ተባሉ፤ ያውም ከግቢያቸው ሳይወጡ። እኛ አገር ጥሎ መሄድን እናውቅበታለን፤ አገር ሰውን ጥሎ ሲሄድ ግን ያኔ ገና ሰማሁ። ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነበርና፣ ልጅ ሳሉ በስፓኒሽ ውሃ ቢጠይቁ መምህሯ መዳፋቸውን በማስመሪያ መታቻቸው። ኋላ ኖርዌጂያዊ አግብተው ኦስሎ ሲወልዱ፣ ቋንቋውን ከልጃቸው ደበቁ።

በረዶው ሳይቀልጥ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው አጠረ። የልጃቸውን እጅ ይዘው ቀስ ብለው ብዙ ተናገሩ። ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው አዩዋት። ስልክ አውጥቶ መቅዳት ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

«ምን አለችኝ?» አለች ወደ እኔ ዞራ።

«አላወቅሁም።»

«ያ፣ ማማ» አለቻቸው፣ በኖርዌይኛ አዎ ማለቷ ነው፤ «ያ፣ ያ።» ሳይመሽ አረፉ።

እኔ አንሶላውን ሳስተካክል እሷ ከአልጋው ጫፍ አልተነሳችም ነበር።

«እንዳልመታ ብላ እኮ ነው ያላስተማረችኝ» አለች። «እዚህ ኦስሎ ማን ይመታኝ ነበር?»