ባለ ሁለት ጅራቷ

ከኔ ሌላ አውሮፕላንን በቅርጿ ብቻ የሚለይ ሰው ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ፈልጋችሁ ካገኛችሁ፣ ወላሂ ስሜን እቀይራለሁ። ሙያዬ ባጃጅ መጠገን ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የቀረውን የተማርኩት ከስኳር መጠቅለያ ነው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ባለሱቅ ስኳር የሚጠቀልለው ከአንድ የወታደር መጽሐፍ በተገነጠለ ወረቀት ነበር። በየገጹ ጥቁር የአውሮፕላን ምስል አለ፤ ከሥር የታየ፣ ከጎን የታየ። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፣ የትኛው ፈረንጅ እንደሆነ ዛሬም አላውቅ። እናቴ ግማሽ ኪሎ ስትልከኝ ሁለት ሩብ አድርጌ እገዛለሁ፣ ሁለት ገጽ እንዳገኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ መጽሐፉን አሟላሁት።

ዳኮታ መሬት ላይ እንደ ውሻ በቂጧ ትቀመጣለች። አንዷ አንቶኖቭ ክንፏ እንደ ተደራራቢ አልጋ ነው። ከሁሉም የምወዳት ግን ባለ ሁለት ጅራቷን ነበር። የድሮ ጭነት አመላላሽ ናት፤ ከክንፎቿ ሁለት ዘንግ ወደ ኋላ ይወጣና ጅራቷ ጫፋቸው ላይ ያርፋል። አባቴ በወጣትነቱ ኮምቦልቻ ስታርፍ አይቷታል፤ «ሆዷ ቤት ያህላል» ይለኝ ነበር። እኔ በዓይኔ አይቻት አላውቅም፣ በወረቀት እንጂ።

ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ሳልሾም ተሾምኩ። ሰማይ ላይ አንድ ነገር ባለፈ ቁጥር ሰፈሩ ወደኔ ይሮጣል። «ይቺ ተዋጊ ናት፣ ግቡ!» እላለሁ። «ይቺ ጭነት ናት፣ ሥራችሁን ሥሩ!» እላለሁ። ሁለቴ ያልኩት ልክ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ!

የታናሽ እህቴ ባል አሳ አስጋሪ ነው። አውሮፕላን ፈርቶ አራት ቀን ሐይቁ አልወረደም፤ ቤታቸው የሚላስ የሚቀመስ ጠፋ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት መረቡን ይዞ ደጄ ድረስ መጣ።

«አንተ የሰማይ ዘበኛ፣ ያቺ ምንድናት?»

ቀና አልኩ። ክንፏ ቀጭን፣ ከኋላዋ ሁለት ዘንግ። ልቤ ዘለለች።

«ባለ ሁለት ጅራቷ! አሮጊቷ እስካሁን አለች እንዴ?»

«ክፉ ናት?»

«ጭነት ናት አቦ! እህል ብትጥል እንጂ እሳት አትጥልም።»

«ድምጿ አነሰብኝ እኮ። ሞተር ሳይክል ነው የምትመስለው።»

«ሩቅ ስለሆነች ነዋ! አንተ አሳህን ጠብቅ፣ ሰማዩን ለኔ ተወው።»

ሳቀ። «እሺ፣ ቆሮሶ አሳ ከያዝኩ ጭንቅላቱ ያንተ ነው» አለኝና መረቡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወረደ።

ከውሃው ሲመለስ ጀልባውን በሚያስርበት ዛፍ ሥር ወታደሮች መኪና አቁመው አገኘ። አብሮት የነበረው አስጋሪ፣ «ተው እንሂድ፣ ይቺ ነገር አናታችን ላይ እየዞረች ነው» ብሎታል። እሱ፣ «ጭነት ናት፣ አማቼ አይቷታል» ብሎ አሳውን ከመረቡ መልቀም ቀጠለ። ጓደኛው ሄደ። ያቺ ነገር መኪናውን ስትመታ እሱ እዚያው ነበር። ጀናዛውን የዚያኑ ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በፊት ቀበርን።

ከቀብር ስመለስ ገጾቼን አውጥቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ተዋጊዋም መዳፍ ታህላለች፣ ጭነቷም መዳፍ ታህላለች። ወረቀት ላይ ሁሉም እኩል ናቸው። ትንሽ ነገር ቅርብ ሲሆን፣ ትልቅ ነገር ሩቅ ሲሆን ዓይን አንድ አድርጎ እንደሚያያቸው ሕፃን ያውቃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቅርጽ ሳጠና መጠን የሚባል ነገር ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሰው የማይቀመጥባት ድሮንም እንደዚያው ሁለት ዘንግ አላት። በኔ ስኳር ዘመን ስላልነበረች መጽሐፌ ውስጥ የለችም።

በሦስተኛው ቀን ሰደቃ ላይ እህቴ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ ካንተ ተለይቶ በቤት ሲያልፍ እኮ ደስ ብሎት ነበር። 'ወንድምሽ አይቷታል' አለኝ። ምን ነበረች?»

ቀልድ ፈለግኩ፤ ወላሂ ፈለግኩ።

«አላወቅኳትም» አልኩ።

«አውቃታለሁ አላልከውም?»

«ብዬዋለሁ።»

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ፊቴ ያለውን ሳህን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ በሰላምታ ብቻ ነው።

አሁንም አንድ ነገር ሲያልፍ ሰፈሩ ይጠይቀኛል። ምንም ይሁን ምን፣ መንገደኛ የጫነም ይሁን፣ «ግቡ!» ነው መልሴ። «አንተ እኮ እርግብም ስታይ ግቡ ትላለህ» ብለው ያሾፉብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እህቴ ግን አትጠይቀኝም። አፌን ሳልከፍት ልጆቿን ሰብስባ ገብታለች፣ በሯንም ዘግታለች።