ያዘገየሁት መርዶ

በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ቤት የዋልሁበት ዓመት ነበር። ጧት ተነሥቼ እለብሳለሁ፣ ፀጉሬን አበጥራለሁ፣ ከዚያ መሄጃ አጥቼ በረንዳ ላይ እቆማለሁ። ሃያ ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ ሥራ ሲፈታ የሚያርፍበት ያጣል። መራዊ ያለችውን እህቴን ልጠይቅ እንዳልሄድ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል። ስልክም እንደዚያው ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል።

በዚህ መሐል ከሰፈራችን በታች መዋዕለ ሕፃናት የሚያስተዳድሩት የካቶሊክ መነኩሲት ቤቴ መጡ። "አንድ ቄስ ከህንድ መጥተውልናል፤ አማርኛ ያስተምሩልን" አሉኝ። ሳላስብ እሺ አልሁ። ባስብ ኖሮ አባቴን አስቀድሜ እጠይቅ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ደቅ ደሴት ላይ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም እኔ ዘንድ ገቡ። ማታ ስነግራቸው ዳዊታቸውን ሳይዘጉ ቀና አሉ።

"የማንን ቄስ?"

"የካቶሊክ።"

ጥንት በዚህ በከተማችን ሐይቅ ዳር ካቶሊኮች ያስነሡትን የሃይማኖት ጠብ አባቴ ትናንት እንደሆነ አድርገው ነው የሚናገሩት። ያን ማታም አንሥተው እስኪበቃቸው ነገሩኝ።

"እኔ ቋንቋ ነው የማስተምረው አባባ፤ ሃይማኖት አይደለም።"

"ቋንቋም ሃይማኖትም በአንድ አፍ ነው የሚገቡት" አሉና ወደ ንባባቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ አልከለከሉኝም፤ መርቀውም አልላኩኝም።

ቄሱ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ቀጭን፣ ጢማቸው ገብስማ ሰው ነበሩ። ያደጉት ደቡብ ህንድ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ለአንድ ዓመት ብለው መጥተው ዓመቱ አለፈ፤ የሚተኳቸው ቄስ መምጣት አልቻሉም። ፓስፖርታቸው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ ሊታደስ አዲስ አበባ እንደ ሄደ አልተመለሰም። "እኔ እዚህ፣ ስሜ አዲስ አበባ" ይሉ ነበር።

ውሏቸውን በቃሌ አውቀው ነበር። ጧት ለአራቱ ሴት መነኮሳትና ለጥቂት ምእመናን ይቀድሳሉ። ከዚያ ሩዛቸውን ራሳቸው ይቀቅላሉ፤ እንጀራ ይወዳሉ፣ ግን ቀን በቀን አይሆንላቸውም። ረፋዱ ላይ ሕሙማን ይጠይቃሉ። ከሰዓት በኋላ ስብከታቸውን በአማርኛ ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። አሥር ሰዓት ላይ ከእኔ ጋር ትምህርት።

ችግሩ መቀመጥ አይችሉም። ወንበር ላይ ካስቀመጥኋቸው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተነሥተው በመስኮት ያያሉ፣ በሩን ከፍተው ይዘጋሉ፣ የግድግዳውን ሰዓት ከእጃቸው ሰዓት ጋር ያስተያያሉ። በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆረጥሁና "ይነሡ፣ እየሄድን እንማር" አልኋቸው። ከዚያ ወዲያ ግሥ የምንረባው በሐይቁ ዳር፣ በዘንባባው ጥላ እየተራመድን ሆነ። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ቁና ቁና እየተነፈስሁ ከኋላ። ሰው ያየናል። "መምህሯ ከህንዱ ቄስ ጋር ምን ያሯሩጣታል?" ይባል ነበር፤ ሰምቻለሁ።

ከመጡ ጀምሮ በያዙት መጽሐፍ የተማሩት አክብሮቱን ብቻ ነበር። ሕፃኑንም፣ ሊስትሮውንም፣ እኔንም "እርስዎ" ይላሉ። አንድ ቀን መንገድ የዘጋባቸውን ውሻ "እባክዎ ይለፉ" ሲሉት ሰምቼ እስኪያመኝ ሣቅሁ። "አንተ"ና "አንቺ"ን ደጋግሜ ባስተምራቸውም ከአፋቸው አልወጣ አለ።

"አባ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቸኩልዎ?" ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

"እናቴ" አሉ።

እናታቸው አርጅተዋል፤ የሚኖሩትም የቄሱ እኅት ዘንድ ነው። ቄሱ በየእሑዱ ይደውሉላቸው ነበር። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ በመደበኛው ስልክ፣ እሱም ሲጠፋ እስኪመጣ እየጠበቁ። ይባስ ብሎ ደቅ ደሴትን ሊያዩ ሄደው ሲመለሱ፣ ከጀልባው ሊወርዱ ሲሉ ስልካቸው ሐይቁ ውስጥ ወደቀ። ከመነኮሳቱ ስልክ አንድ ጊዜ ደውለው፣ እሳቸውን ባያገኙ ለእኔ እንዲደውሉ የእኔን ቁጥር ለእኅታቸው ሰጡ። በማግስቱ የከተማው ስልክ በሙሉ ጠፋ፤ ዐሥር ቀን ያህል ቆየ።

ስልኩ የተመለሰ ዕለት ማክሰኞ ነበር። ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩ የውጭ ነው። እኅታቸው ናት። በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየለየች ተናገረች። እናታችን ዐርፋለች፣ ስድስት ቀን ሆኗል፣ ስንደውል ስንደውል አጣናችሁ፣ ቀብረናታል፣ እባክሽ ንገሪው። ልመልስላት ስል መስመሩ ተቋረጠ።

ስልኩን እንደያዝሁ አባቴ ክፍል ገባሁ። ነገርኋቸው። ዳዊታቸውን ዘጉ።

"ልትነግሪው ነው?"

"አሥር ሰዓት ላይ እንገናኛለን።"

"መንገድ ላይ? ቆሞ? ያለ ሰው?"

"ታዲያ ምን ላድርግ አባባ?"

"መርዶ ሲነጋ ነው" አሉ። "ዛሬ እህል ይቅመስ፣ ይተኛ። ሲነጋ ሰው ሰብስበሽ ትነግሪዋለሽ። እናቱ የሞተችበት ሰው ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ ያስፈልገዋል።"

አባባሉ አዲስ አልሆነብኝም። የእናቴን ሞት ለእኔም እንደዚሁ ነው የነገሩኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያውቅ እኔ ተኝቼ ነበር።

አሞኛል ብዬ ልቀር እችል ነበር። አልቀረሁም። እኅታቸው ወደ መነኮሳቱ ስልክ ደውላ ቄሱ ብቻቸውን ሆነው ቢሰሙስ ብዬ ሄድሁ። በዚያን ቀን ከወትሮው የባሰ ይቸኩላሉ።

"ስልክ ተመልሷል ይላሉ። እውነት ነው?" አሉኝ።

"ይመጣል፣ ይሄዳል" አልሁ። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

"ነገ ጧት ከመነኮሳቱ ስልክ እደውላለሁ። እናቴ ድምፄን ካልሰሙ መድኃኒታቸውን አይውጡም።"

ግሡን በትክክል ረብተውታል። ሌላ ቀን ቢሆን "ጎበዝ" እላቸው ነበር። ሐይቁ ላይ እምቦጭ አረሙ ተንሳፍፎ ወደ ዳር መጥቷል፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን በመቅዘፊያው እየገፋ መውጫ ይፈልጋል። እሱን የማይ መስዬ ፊቴን አዞርሁ።

"ደህና ነዎት መምህር?"

"ራሴን አሞኛል አባ። ዛሬ እንመለስ።"

ቤቴ ድረስ ሸኙኝ። በር ላይ "እራትዎን በደንብ ይብሉ" አልኋቸው። እንዲህ ብያቸው ስለማላውቅ ግር ብሏቸው አዩኝ፤ ከዚያ ሄዱ።

ለመነኩሲቷ ነገርሁ። የእድራችንን ሊቀ መንበር ጠራሁ፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ቁጥብ ሰው ናቸው። "አባል አይደሉም፤ ድንኳን መጠየቅ ይከብደኛል" ስላቸው "አባል ባይሆኑም እናት ነበራቸው" አሉና ወጡ።

ሲነጋጋ ልብሴን ለብሼ ስወጣ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ወዴት ነው አባባ?"

"መርዶ ያለ ሽማግሌ ይነገራል እንዴ?"

የሰዓት እላፊው የሚነሣው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እንደ ደረሰ ከሊቀ መንበሩና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሰባት ሆነን ሄድን። ቄሱ ለቅዳሴ ለብሰው በር ከፈቱ። እኛን አዩ። አባቴን ከዚያ በፊት አይተዋቸው አያውቁም።

አባቴ ወደ ፊት ቀረቡ። "አባ፣ እናትዎ ዐርፈዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎ።"

ከኋላዬ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ቄሱ ግን ተደናግረው እኔን አዩኝ። "ዐረፉ? ደክሟቸው ነበር?"

ያን ቃል ያስተማርኋቸው ከድካም ለማረፍ ነው። ሌላውን ፍቺ አልነገርኋቸውም ነበር።

"ሞተዋል አባ" አልሁ። "እናትዎ ሞተዋል።"

ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሊቀ መንበሩ ክንዳቸውን ያዙ። ቀና ብለው "መቼ?" አሉ።

"ዛሬ ሰባት ቀን።"

"መቼ ሰማሽ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ "አንቺ" አሉኝ።

"ትናንት። ከምሳ በኋላ።"

"ከእኔ ጋር ስትሄጂ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ተነሥተው ገቡና በሩን ዘጉ። መነኩሲቷ ሊያንኳኩ ሲሉ አባቴ በእጃቸው ከለከሏቸው። አንድ ሰዓት ያህል በግቢው ቆምን። ሲወጡ ዓይናቸው ደርቋል። ማንንም ሳያዩ ወደ ጸሎት ቤቱ ገብተው ቀደሱ። አባቴ አልገቡም፤ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪያልቅ ጠበቁ።

ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ። ሰፈሩ ንፍሮውን፣ ሽሮውን ይዞ መጣ። ብዙዎቹ ቄሱን ከሩቅ እንጂ አያውቋቸውም። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የኮሌጅ አስተማሪው፣ ከየትም አገር መጥቶ እዚህ በደመወዝ የሚኖረው ሁሉ እየገባ "እግዚአብሔር ያጽናዎ" ይላል። ቄሱ መቀመጥ አልቻሉም። ተነሥተው ከድንኳኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። እሳቸው በተነሡ ቁጥር ለቀስተኛው ለአክብሮት ይነሣል፤ ሲቀመጡ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን ከዋለ በኋላ ሊቀ መንበሩ ጠጋ ብለው "አባ፣ ይቀመጡልን፤ እርስዎ ሲነሡ አገር ይነሣል" አሏቸው። ዙሪያውን አዩና ተቀመጡ። ግን አላለቀሱም። ሴቶቹ ይህ ነገር አሳስቧቸዋል፤ "እርማቸውን አላወጡም፤ ይታመማሉ" እያሉ ይንሾካሾካሉ።

በሁለተኛው ቀን አባቴ አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔ ያልገባቸውን ለማስረዳት በመካከል ሆንሁ።

"ፍትሐት ላደርስላቸው አልችልም" አሉ አባቴ። "ሥርዓቴ አይፈቅድም። ለማልቀስ ግን የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።"

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በእናንተ አገር ተዝካር አለ?"

"አለ። በአርባ አንደኛው ቀን።"

"አርባ አንድ?" አባቴ ፊታቸውን አኮሳተሩ። "አርባው የታወቀ ነው። አንዷን ከየት አመጣችኋት?"

ቄሱ ሣቁ። የሣቁ ድምፅ ከራሳቸው የወጣ አልመስል ብሏቸው አፋቸውን ያዙ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረና ሣቁ ልቅሶ ሆነ። በገዛ ቋንቋቸው እናታቸውን እየጠሩ አለቀሱ። ሴቶቹም ተከተሏቸው። አባቴ የቄሱን እጅ ይዘው አለቀቁም።

ለእኔ ግን ቄሱ ለሁለት ሳምንት ቃል አልተነፈሱም። ትምህርቱ ቀረ። እንደገና በረንዳ ላይ መቆም ጀመርሁ፤ ያሁኑ ከበፊቱ ከፋ። ሳህን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። አልጋዬ ላይ ሆኜ የዚያን ማክሰኞ መንገድ እንደገና እሄደዋለሁ፤ አንዳንዴ እነግራቸዋለሁ፣ አንዳንዴ አልነግራቸውም።

"ተቀይሞሻል?" አሉኝ አባቴ።

"አዎ።"

"ይቀየም። በሰው አገር የሚቀየመው ሰው ያገኘ አልተቸገረም።"

አንድ ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ቄሱ ናቸው፤ ደብተራቸውን ይዘዋል። ሳይገቡ እዚያው ቆመው፣ ቀድመው ያዘጋጁት በሚመስል አማርኛ ተናገሩ።

"ያ ቀን የእኔ ነበር። ወሰድሽብኝ።"

"ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው አባ።"

"ብቻዬን መሆን እፈልግ ነበር። ከእሷ ጋር።"

ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ፤ ወደ ሐይቁ ሄድን። ያን ቀን ምንም አልተማርንም፤ ሄድን ብቻ።

አርባ አንደኛው ቀን ሲደርስ ፓስፖርቱ አልመጣም ነበር። አገራቸው መሄድ ስላልቻሉ እዚሁ ቀደሱ፣ ሩዝ አስቀቅለው ሰፈሩን አበሉ። አባቴ ሩዝ አይወዱም፤ በሉ። ፓስፖርቱ የመጣው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው፤ የሚተኳቸው ቄስም በዚያው ወር ደረሱ። የእኛም ትምህርት ቤት ያለፈውን ለማካካስ በክረምቱ ተከፍቶ ነበር።

የሚሄዱ ዕለት ባጃጁ ቤታችን በር ላይ ቆመ። ከአባቴ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አሁንም አልተስማማሁም" አሉኝ።

"እኔም" አልኋቸው።

ዝናቡ እየጠነከረ ስለሆነ የባጃጁ ሹፌር እንድንቸኩል ለመነን። ገቡ፤ በላስቲኩ መጋረጃ በኩል እጃቸውን አወጡ፣ ባጃጁ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ዞረ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ጃንጥላዬን ይዤ ስደርስ ተማሪዎቹ ቀድመው ተቀምጠዋል።