ለራሴ የጻፍኩት መልስ

በደርግ ጊዜ ከጉርድ ሾላ አለፍ ብሎ በነበረ አንድ የመንግሥት ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ለሠራተኛው ማመልከቻ መልስ ማዘጋጀት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበታል። ብዕሩ ይፈስሳል ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምኜ የእምቢታውን ደብዳቤ ሳይቀር ጮክ ብዬ ለራሴ አነበው ነበር። አንባቢ አልጠፋኝም ማለት ነው።

ያን ጊዜ ከሥራ መልቀቅ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የአንድ ወር ማስታወቂያ ሰጥቶ ማመልከት ይቻላል። ድርጅቱ ካልፈቀደ ግን መልቀቂያ ወረቀት የለም፤ ወረቀት የሌለውን ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት አይቀጥረውም። የድርጅቱ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ያረቀቅሁትም እኔ ነኝ፦ «አገልግሎትዎ ለአብዮቱ አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ ጥያቄዎ ለጊዜው ተቀባይነት አላገኘም።» «ለጊዜው» የምትለዋን ከራሴ ነው የጨመርኳት፣ ሰው ጨርሶ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብዬ። በርኅራኄዬ እንዴት እኮራ ነበር።

ይህ መልስ ከደረሳቸው አንዷ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ ነበር የምላቸው። ደብረ ሲና ያሉት እናታቸው አልጋ ያዙ፤ ሌላ የሚያስታምማቸው ስላልነበረ ሥራቸውን ለመልቀቅ አመለከቱ። ደብዳቤዬን ሰጠኋቸው። በአራተኛው ወር የእናታቸው መርዶ መጣ። የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃዱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። አሳምሬ።

ከዓመት በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ አሰላ ተመድባ ልጃችንን ይዛ ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏል። ዝውውር ጠየቅሁ፣ አልተገኘም። ለበዓል ልጠይቃቸው ስሄድ ልጄ በሩ ጀርባ ተሸሽጋ፣ «እማዬ፣ ያ እንግዳ መጣ» አለች። ሳቅሁ። ለመሳቅማ ማን ይቀድመኛል። ስመለስ ግን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እስከ አዲስ አበባ ሲያዋራኝ አንድ ቃል አልመለስኩለትም።

በማግሥቱ ከወር በኋላ እንደምለቅ ገልጬ ማመልከቻዬን ለሥራ አስኪያጁ አቀረብኩ። ርዕሱን ብቻ አየና መለሰልኝ።

«መልሱን አዘጋጅተህ አምጣ፣ ጓድ።»

«ለራሴ?»

«ሌላ የሚጽፍ አለን እንዴ? እንደ ሌሎቹ ነው።»

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ራሴን «እርስዎ» እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። እንደዚያን ቀን ተከብሬ አላውቅም። «ለጊዜው» ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ስንት ሰው ላይ ጽፌያት፣ ምን ያህል እንደምትረዝም ያወቅሁት ያኔ ነው። ልጄ በዚያች ቃል ውስጥ አድጋ ልትጨርስ ትችላለች። ወረቀቱን ቀደድኩና ሌላ ጻፍኩ፦ «ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል።» ታይፒስቷ ቀና ብላ አየችኝና መታችው።

ሥራ አስኪያጁ ስልክ እያነጋገረ እንደሚፈርም አውቃለሁ። ደብዳቤዬን በነዳጅና በጎማ መጠየቂያዎች መሐል አስገብቼ አቃፊውን ፊቱ ዘረጋሁለት። በዚያ ዘመን ይህ በአሻጥር ያስከስሳል። እያወራ ፈረመ። ሁሉንም ፈረመ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሥራ የሚረከበኝ ሰው እንዲመድብ ጠየቅሁት።

«ወዴት ልትሄድ?»

የደብዳቤውን ቅጂ ሰጠሁት። ግርጌው ላይ ያለውን ፊርማ አየው። አላነበብኩትም ቢል፣ እስከዛሬ ስንቱን ሳያነብ እንደፈረመ ሊጠየቅ ነው።

«ፊርማው የእኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ወረቀቱን መለሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ አላናገረኝም።

የቀረኝ የድርጅቱ ንብረት እጄ ላይ አለመኖሩን ማስፈረም ነበር። ፈራሚዋ እትዬ ናቸው። መዝገባቸውን ገለጡ።

«ስቴፕለር?»

«ይኸው።»

«ማስመሪያ?»

«ተሰብሯል፣ እትዬ።»

«በምን ተሰበረ?»

«ጀርባዬን ሳክበት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁልኝ ነበር። «እስቲ ደብዳቤውን» አሉኝና መነጽራቸውን አደረጉ። ከቁጥሩና ከቀኑ ጀምረው ግርጌው ላይ እስካለው መፈክር ድረስ አነበቡት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ደብዳቤዬን እንዲያ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም።

«ለጊዜው የሚለው የለበትም» አሉ።

«የለበትም።»

«እንዲህም ይጻፋል ለካ።»

«ሰውየው እኮ ሳያነብ ነው የሚፈርመው» አልኩ። ራሴን ዝቅ ማድረጌ ነበር፤ የእኔ ጀግንነት አይደለም ለማለት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የእኔንም ሳያነብ ነበር የፈረመው?»

የማስመሪያዬን ሁለት ስባሪ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። መልስ መጻፍ እንጀራዬ የሆነ ሰውዬ፣ ያቀረብኩላቸው መልስ ይኸው ነበር። እሳቸው ጥያቄውን አልደገሙትም። ብዕራቸውን አንሥተው ፈረሙ።

«ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት ሊሞላት ነው።»

«በል ሂድ። መኪና እንዳያመልጥህ።»

ሁለቱን ስባሪ አንሥተው፣ ጫፍና ጫፉን አጋጥመው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። እኔም ወጣሁ።