ድምፅ የሌለው ደቦ

የወፍና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራችንን ዓላማ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጣናን ዳር ደንገል መንከባከብ፣ እምቦጭን መንቀል፣ ወፎች ያለ ስጋት የሚፈለፍሉበትን ረግረግ ማቆየት እያለ ይቀጥላል። ስብሰባ ላይ አንብቤ ስጨርስ እትዬ አገርነሽ፣ «ሁሉም ጥሩ ነው ግሩም፤ እኔ ግን የዚያችን የባለ ዘውዷን ወፍ ጫጩት በዓይኔ ካየሁ ይበቃኛል» አሉ። «አሉ» ያልኩት በትሕትና ነው። ጮኹ።

እትዬ አገርነሽ በልጅነታቸው ከአርሲ መጥተው ባሕር ዳር የቀሩ ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ፈትል ፋብሪካ ውስጥ፣ በማሽን መካከል ነው፤ ጡረታ ሲወጡ ጆሯቸውም አብሯቸው ጡረታ ወጣ። ስለዚህ ወፍ የሚወዱት በዓይናቸው ነው። አንድ ጠዋት ወደ ገበያ ሲሄዱ ሁለት ባለ ዘውድ ወፎች ረግረጉ ላይ ሲጨፍሩ አዩ። አንዷ ጎንበስ ስትል አንዱ ይዘላል፤ ክንፍ ይዘረጋሉ፤ አናታቸው ላይ ያለው ወርቃማ ዘውድ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። እትዬ ገበያውን ረስተው እዚያው ቆመው ዋሉ። «እግዚኦ! ይህን ማን አስተማራቸው?» እያሉ ወደ እኛ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ማኅበሩን ለቀው አያውቁም።

ጫጩት ግን አላዩም። አንዱን ዓመት ጎጆውን ከብት ረገጠው፤ ሌላውን ዓመት ደንገል አጫጆች ሳያውቁ አፈረሱት። ዘንድሮ ጎጆው ደህና ሰንብቶ፣ ጥቅምት ላይ ነፋስ እምቦጩን እየገፋ አምጥቶ ከበበው። ካልተነቀለ ውኃውን ሊዘጋው ነው። የዳሩ ገበሬዎች በደቦ ሊወጡ ተስማሙ። ችግሩ ደቦ ያለ ዘፈን አይሆንም፤ አውራጁ ደግሞ አያ ቢያዝን ናቸው፤ እሳቸው ዳር ላይ ሲያወርዱ ማዶ ያለው ይቀበላል ይባላል።

«አያ ቢያዝን፣ ነገ ዘፈን የለም» አሏቸው እትዬ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ?» አሉ አያ ቢያዝን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው።

«ወፏ እንቁላል ታቅፋለች። ደንግጣ ከተነሣች ቁራው አያተርፍላትም።»

«እመት አገርነሽ፣ ዘፈን የሌለው ደቦ እኮ ለቅሶ ነው። እኔም ለዚሁ ብዬ ጉሮሮዬን ሳበጅ ሰነበትሁ።»

«ለቅሶም ይሁን! ብቻ ዝም በሉልኝ!»

ሰዉ ሳቀ። ዝምታን በእንዲህ ያለ ድምፅ የሚለምን አይተው አያውቁም። አያ ቢያዝን ግን አልሳቁም። «አራስ ቤት ደጃፍ አይጮኽም» አሉ። «እሺ፣ እንደ አራስ እንቁጠራት።»

በማግስቱ ያየሁትን እስከ ዛሬ ለሰው በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። አገሩ ሁሉ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቷል፤ ይነቅላል፣ ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላል፤ ከሚንጠባጠበው ውኃ በቀር ድምፅ የለም። አያ ቢያዝን ዘፈኑን በአንገታቸው ያወርዳሉ። ቀና ሲሉ ሰዉ ቀና ይላል፤ ጎንበስ ሲሉ ሁሉም እኩል ጎንበስ ብሎ ይነቅላል። ዘፈኑ አለ፤ የማይሰማ ብቻ ነው። ለአንዲት ወፍ ብሎ ይህን ያህል ሰው ጉሮሮውን ሲይዝ ማየት ያስፈራል። ወፏ ጎጆዋ ላይ ሆና ታየናለች። እትዬ አገርነሽ ከእኔ ጋር ዳር ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ራሳቸውን አላመኑትም።

ነቃዮቹ እየቀረቡ ሲመጡ ወፏ ድንገት ብድግ አለች። አለቀ ስል፣ ከእግሮቿ መካከል እርጥብ፣ ቡናማ ነገር አንገቱን አቀና። ጫጩት ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የእትዬ እጅ ከአፋቸው ወረደና፣ «እልልልልል!»

ሰው ሁሉ እምቦጩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ወፏ ነጭ ክንፏን ዘረጋች። ሄደች፣ አልኩ በልቤ። አልሄደችም። ክንፏን በጫጩቷ ላይ አጠላችና አንገቷን ወደ ሰማይ ዘርግታ ጮኸች፤ ወፍራም፣ ረጅም ጩኸት፣ ረግረጉን ሁሉ የሞላ። ከደንገሉ ውስጥ ባልየው መለሰላት።

እትዬ ክንዴን ጨበጡ። «ምንድን ነው?» አሉ በሹክሹክታ። ሲያንሾካሹኩ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ወፏ ናት» አልኳቸው ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ።

«ሰማሁ» አሉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። «ግሩም፣ ሰማኋት እኮ!»

ወፏ ተመልሳ ተቀመጠች። አያ ቢያዝን ከውኃው ውስጥ ወደ እኛ ዞረው መጀመሪያ ሦስት ጣት፣ ቀጥሎ ሰባት አሳዩን፤ ሴት ከሆነች ሦስት፣ ወንድ ከሆነ ሰባት እልልታ ነውና የቀረውን እናድርስ ወይ ማለታቸው ነው። እትዬ «አይሆንም» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎጆው ውስጥ ገና ያልተፈለፈለ ሌላ እንቁላል ነበር፤ እጃቸውን መልሰው አፋቸው ላይ ጫኑ።