ሰማያዊዋ ላም ያለችበት የውሃ በር

ግሌኒስ የውሃ በር የሚከፈትበትን የብረት እጀታ በፎጣ ጠቅልላ በዘንቢል ይዛ መጣች። ወንድሟ ክላይቭ ቀድሟት ደርሶ ቦዩ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። እሷ ሃምሳ ስድስት፣ እሱ ስልሳ ሞልቷቸዋል። እዚህ ቦታ አብረው ከቆሙ አርባ ስምንት ዓመት ሆኗል።

«ሱቁ የታለ?» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ያውልሽ፣ መኖሪያ ቤት አድርገውታል። አይስክሬም ሠሪው ሀዝልኮትም ከከሰረ ስንት ዘመኑ! ለአይስክሬም ብለሽ ከሆነ የመጣሽው፣ በይ ሻይሽን ጠጪ።» ከፔርሙሱ ቀዳላት።

ሀዝልኮት አይስክሬም ከዚያ አውራጃ ውጭ አይገኝም ነበር። ነሐሴ በገባ ቁጥር አባታቸው ጠባቧን ረጅም ጀልባ ይከራዩና ሳምንቱን ሙሉ በቦዩ ላይ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። የውሃ በር ሲደርሱ ክላይቭ በእጀታው እያሽከረከረ ውሃውን የሚያግደውን ሳንቃ ያነሳል፤ ውሃው ይወርዳል፣ ጀልባዋም አብራ። እዚህኛው በር ላይ ሱቅ ነበር፣ ደጃፉ ላይ ሰማያዊ ላም የተሳለባት ቆርቆሮ የተሰቀለችበት። አይስክሬሙን በሁለት ስስ ብስኩት መሃል አድርገው ይሰጣሉ፤ ቶሎ ካልላሱት እስከ ክርን ይወርዳል።

በመጨረሻው ዓመት ሲደርሱ ሱቁ ተዘግቶ ነበር። አባትየው፣ «ነገ በማለዳ እንነሳለን፤ ሱቅ እስኪከፈት የምጠብቅ ሰው አይደለሁም» አሉ።

በማግስቱ ግሌኒስ የነቃችው ከአልጋዋ ተንሸራታ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ነው። ሳህኑ ሁሉ ወለል ላይ ተሰባብሯል። ቦዩ ውስጥ ውሃ የለም! ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተጋድማለች፣ ዓሣ ይንፈራገጣል። አባትየው ማንንም አልጠየቁም። ክላይቭን በጥፊ አሉትና፣ «ሁለተኛ ይቺን እጀታ እንዳትነካ!» አሉት። እስኪሞቱም አላስነኩትም፤ ለግሌኒስ ነው ያወረሷት።

አሁን ግሌኒስ ሻይዋን አልቀመሰችም።

«ክላይቭ… እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ሳንቃውን ያነሳሁት። እራት ላይ ሳላችሁ ወጥቼ። ትንሽ ብቻ ነው ያነሳሁት፣ በእማዬ ሞት! ሱቁ እስኪከፈት እንድንዘገይ ብዬ እኮ ነው።» እንባዋ መጣ። «እጀታውን እዚያው ጥዬው ነበር፣ ጠዋት ግን ጀልባዋ ውስጥ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ይኸው እስከ ዛሬ ማን እንደመለሰው…»

«እኔ ነኝ» አለ ክላይቭ።

ኩባያው ከእጇ ወደቀ።

«በመስኮት አየሁሽ። ልዘጋው ወጣሁ። እጀታውን ያዝኩና… ቀና ስል ያቺ ላም። እኔም አማረኝ።» ወደ ውሃው እያየ ነው የሚያወራው። «አንቺ ስምንት ዓመትሽ፤ ምን ታውቂያለሽ? እኔ ግን በሩን ስከፍት ስዘጋ ነው የከረምኩት። ውሃው አልቆ እንደሚያድር አውቅ ነበር። እጀታውን ነቅዬ ገባሁ፣ ተኛሁ።»

ግሌኒስ ስለ ወንድሟ ስታለቅስ የኖረችው ሁሉ፣ አባቷን መቃብራቸው ላይ ቆማ የወቀሰችው ሁሉ፣ ባንድ ጊዜ መያዣ አጣ። አባቷ ለካ አልተሳሳቱም!

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ምን ብዬ? ጀልባዋ እስክትነሳ ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴ ላይ አይስክሬሙን ስትልሺ ነበር እኮ! እኔ ተከልክዬ። ሆዳም!»

ልትስቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። እጀታውን ከፎጣው ፈታችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችው። ክላይቭ ትኩስ ነገር እንደነካው ሰው መጀመሪያ እጁን ሰብሰብ አደረገ። ኋላ ግን ይዞት ተነሳ።

ወደ በሩ ሄደ። ጀልባ የሚባል በአካባቢው የለም። እጀታውን ሰክቶ ሳንቃው እስከ ታች መውረዱን አየ፤ ጨረሰና እንደገና አየ። ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ተዘግቷል» አላት።