ላሞቹን የመለሰው ሰው

አማርኛ የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው፤ ከክፍል ጓደኞቼ ሁሉ እበልጥ ነበር። ኮርቼበታለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ወዲህ የቢሮው ጉዳይ ሁሉ በአማርኛ ስለሆነ፣ ማመልከቻ ያለበት ዘመድ አዝማድ አስመራ፣ ገዛ ባንዳ ሰፈር ያለችውን ቤቴን ያጨናንቃታል። ቃኘው፣ የአሜሪካኖቹ ጦር ግቢ ውስጥ፣ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ።

አባቴ የሚኖረው ከአስመራ በማኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ሸንተረር ላይ ባለች የክርስቲያን መንደር ነው። ከሸለቆው ማዶ የእስላሞቹ መንደር አለ። በጥር ደጋው ሲደርቅ፣ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ቁልቁለት ዝናብ ያገኛል። ያን ጊዜ የእኛ ሰዎች ላሞቻቸውን ለማዶዎቹ ይሰጣሉ፤ ወተቱ ለጠባቂው፣ ጥጃው ለባለቤቱ። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ፣ አለቀ። የአባቴን ላሞች ሃያ ዓመት የጠበቀው አንድ ሰው ነበር። በልጅነቴ ወንዙ ሲሞላ በትከሻው አሻግሮኛል።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት መንግሥት ለእኛ መንደር ጠመንጃ አደለ። ለማዶዎቹ ደግሞ በረሃ የገቡት፣ መንግሥት ሽፍታ የሚላቸው፣ ሰጧቸው ተባለ። ድሮ በግጦሽ ሣር ሲጣላ ሽማግሌ አስቀምጦ፣ ተሰዳድቦ፣ ሻሂ ጠጥቶ የሚለያይ ሕዝብ፣ ጠመንጃ ሲይዝ ጊዜ ሣሩም ሃይማኖት አወጣ። ወይ ጉድ! አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተታኮሱ። ከእኛ ሁለት፣ ከእነሱ ሦስት ሰው ሞተ።

ከሦስቱ አንዱ ያ የአባቴ ላም ጠባቂ ነው። ተኩሱ ሲጀመር፣ የሰው ከብት ይዞ ከባለቤቱ ጋር መዋጋት ነውር ነው ብሎ፣ ላሞቹን እየነዳ ሸለቆውን ተሻገረ። የእኛዎቹ በከብት ተከልለው መጡብን አሉ። አባቴ ቀይዋን ላም አይቶ «አትተኩሱ! ላሞቼ ናቸው!» እያለ ሮጠ። ማን ሰምቶት! ሰውየውን ሆዱን መቱት። አባቴ በጭነት ማኪና ወደ አስመራ ይዞት ሲመጣ ሰውየው መንገድ ላይ ሞተ፤ ሬሳው ሆስፒታል ገባ።

ከቀትር በኋላ ከሥራ ገብቼ ምሳ እየበላሁ ሳለ አባቴ መጣ። ነጠላው ደም በደም ሆኗል።

«ተነሥ ወደይ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ያለ ፖሊስ ፈቃድ ሬሳውን አንሰጥም ብለውኛል። እስላም ሞቶ አያድርም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመስጊዱ ሰዎች እንዲሰጡልኝ ለፖሊሶቹ በአማርኛ አስረዳልኝ።»

መንገድ ላይ ለከፈኑ የሚሆን አቡጀዲ ገዛ። ራሱ ነው የመረጠው።

ፖሊስ ጣቢያ ያገኘነው መቶ አለቃ ከመሃል አገር የመጣ ጨዋ ሰው ነበር። ለአባቴ ወንበር ሳበለት፣ ለእኔ ወረቀት ሰጠኝና ቃሉን እየተረጎምኩ እንድጽፍ አዘዘኝ። አባቴ ከሥሩ ጀመረ። «ሃያ ዓመት ላሞቼን ጠብቆልኛል» አለ፤ እኔም እንዳለው ተረጎምኩ።

መቶ አለቃው ቀና አለ። «የመንግሥት ጠመንጃ ይዘው ከብታቸውን ለሽፍታ ይሰጣሉ ማለት ነው?» አለ። ቀጥሎም «አንተ የት ነው የምትሠራው?» አለኝ። አልተቆጣም። እንዲያው ጠየቀ።

የሽፍታ ወዳጅ ልጅ ቃኘው ግቢ ውስጥ አንድ ቀን አያድርም፤ አባቴም ከዚያ ክፍል ወጥቶ ቤቱ የሚገባ አልመሰለኝም። ለማን እንደፈራሁ ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ በደንብ አልተረጎምኩትም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰውየው እንዴት ላሞቹን ሊመልስ እንደመጣ እየነገረኝ፣ ሽፍታ ላሞቼን ሊዘርፍ መጥቶ ተመታ ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር።

«ያልኩትን ጻፍከው?» አለኝ አባቴ።

«እወ፣ ኣቦይ» አልኩት፤ አዎ አባቴ ማለቴ ነው።

አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። መቶ አለቃው ማኅተም አድርጎ፣ ለሆስፒታሉ አሳይ ብሎ ወረቀቱን በእጁ ሰጠው። አባቴም «የቐንየለይ» ብሎ አመሰገነና ወረቀቱን ከአቡጀዲው ጋር አጣጥፎ ያዘ። እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ፈሪ!

ኋላ እንደሰማሁት፣ የሆስፒታሉ ዘበኛ የአገራችን ሰው ነበር፤ ወረቀቱን በትግርኛ አነበበለት። «በዚህ ወረቀትማ ሬሳ አይሰጥም፣ አባት» አለው። «ሽፍታ ነው ይላል። ጣትዎም አለበት።»

ፀሐይ ስትጠልቅ አባቴ በሬን አንኳኳ። ግባ ብለው አልገባም። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ያ ሰው ላሞቼን ሰጥቼው መለሰልኝ» አለ። «ላንተ የሰጠሁህ ቃሌን ብቻ ነበር።»

አቡጀዲውን በብብቱ እንደያዘ ወደ ፌርማታው ወረደ። ከዚያ ወዲህ ለጉዳይ አስመራ ሲመጣ፣ በቤቴ በር አልፎ ገበያው አጠገብ ወደሚቀመጥ፣ ወደማያውቀው ማመልከቻ ጸሐፊ ይሄድ ነበር። ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስም፣ ሌላ አንባቢ ፈልጎ ሳያስነብብ ጣቱን አያሳርፍም ነበር አሉ።