«ነፋሱን ይውሰዱ» ያልኩት እኔ ነኝ

ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩትን ነው ለእናንተ የምነግራችሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቀርቤ ተናዝዣለሁ። በጾም የበላሁትን፣ እናቴን ያስቀየምኩበትን፣ ያማሁትን ሰው ሁሉ ተናግሬ ይህችን አንዷን አስቀርቻለሁ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ነበረኝ። «ተርባይን ምን እንደሆነ አባ አያውቁም፤ ከየት ጀምሬ ላስረዳቸው?» እል ነበር። ውሸቴን ነው። «አንድ ሰው አምኖ ምከሪኝ አለኝ፤ እኔም የማይሆነውን እያወቅኩ መከርኩት» ብላቸው አባ ወዲያው ይረዱኛል። የፈራሁትም መረዳታቸውን ነው።

የዳባት ገበሬ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማርኩ። በአምስት ዓመት ውስጥ ክፍል ውስጥ እጄን ያወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በቤት ጣሪያ ላይ ስለሚተከል ትንሽ የነፋስ ተርባይን ነበር። ዓመት ሙሉ ክንፎቹን ስስል፣ ስሰርዝ፣ እንደገና ስስል ከረምኩ። እውነተኛ ጣሪያ ላይ ሲዞር ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፤ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ዓይን አፋርነቴን ብቻ ከወቀስኩ ግማሹን እየደበቅኩ ስለሆነ ነው።

ከተመረቅኩ በኋላ ደባርቅ ቢሮ የነበረው አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ቀጠረኝ። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ግራ፣ መብራት ያልደረሰበት አንድ መንደር ነበር። እዚያ የሚኖር እያንዳንዱ አባወራ ከሁለት አንዱን መርጦ ይወስዳል፤ ወይ ሶላር፣ ወይ ጣሪያ ላይ የሚተከል ትንሽ የነፋስ ተርባይን። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም፣ መቀየርም አይቻልም። የእኔ ሥራ ከምርጫው በፊት የመንደሩን ነፋስ መለካት ነበር።

መመሪያው «በቤት ጣሪያ ከፍታ ለኩ» ይላል። እኔ መጀመሪያ የለካሁት አውድማው ላይ ነው። ለምን? ጣሪያ ላይ መውጣት ስላፈርኩ። መሰላል ስጠይቅ አንድ ሰውዬ «ምነው፣ ወንዶቹ አለቁና ሴት ልጅ ጣሪያ ትወጣ ጀመር?» አለ፤ አጥር ሥር የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ይኸው ነው፤ ያንን ሳቅ ሸሽቼ መለኪያዬን ይዤ ወደ አውድማው ሄድኩ። የገብስ ውቂያ ነበር። ሰዎቹ በመንሽ ወደ ላይ ሲበትኑ ገለባው እየተነጠለ ሜዳውን ተሻግሮ ይሄዳል። ቁጥሮቹ የሚያምሩ ነበሩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ የገመትኳቸውን ይመስላሉ።

ከሳምንታት በኋላ ግን ኅሊናዬ እምቢ አለኝ። መሰላል ለምኜ ጋሽ ሞላ ቤት ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ሞላ ድሮ ሊማሊሞ ላይ ጭነት መኪና ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው፣ አንድ ቀን ከጭነት ላይ ወድቀው እግራቸው የተሰበረ ሰው ናቸው። አጥንቱ ጠሞ ስለገጠመ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ማረስ አይችሉም። ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ መሰላሉን ይዛልኝ እየሳቀች አንጋጠጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ከኔ ጣሪያ ላይ ነፋስ ትፈልጊያለሽ? አማቴ ይህን ቤት ጉድባ ውስጥ የከተቱት እኮ ነፋስ እንዳያገኘን ብለው ነው! ያ አልበቃ ብሏቸው ጥዱን ደረደሩበት።»

እውነቷን ነበር። የደጋ ሰው አውድማውን የሚመርጠው ነፋስ ፈልጎ ነው፤ ቤቱን የሚሠራው ከነፋስ ሸሽቶ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ የአባቴም ቤት እንደዚያው ነው። አምስት ዓመት ተምሬ የረሳሁትን ቀለም ያልቆጠረች ሴት መሰላል ሥር ቆማ ነገረችኝ። መለኪያውም አረጋገጠላት። የጣሪያው ነፋስ ከአውድማው ነፋስ ግማሹን አይሞላም። ደግሞ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ እየመጣ ይዘልላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይነፍስም። የነፋስ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ከስምንት እጅ አንዱ ነው የሚተርፈው። ይህን በእንቅልፍ ልቤ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። አውቅ ነበር። ደግሜ እላለሁ፣ አውቅ ነበር።

ሁለቱንም ወረቀት ይዤ ቢሮ ገባሁ። አስተባባሪያችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተርባይኖቹ መጥተው መጋዘን መቀመጣቸው ግን አስጨንቆታል።

«እሺ፣ ነፋሱ እንዴት ነው?» አለኝ።

«አውድማው ላይ ጥሩ ነው፤ ግን...»

«ግን ምን? ደባርቅ ነፋስ የለውም ልትይን ነው እንዴ?»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የጣሪያው ቁጥር ያለበት ወረቀት ከቦርሳዬ ሳይወጣ ቀረ።

የምርጫው ቀን ሰዉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። አንድ ሶላርና አንድ ተርባይን ለማሳያ ቆመዋል። ሰዉ እየተነሣ «ሶላር»፣ «ሶላር»፣ «እኔም ሶላር» ይላል። ተርባይኗን «እሽክርክሪቷ» ብለው ስም አወጡላት፤ ልጆች በእጃቸው እያዞሩ ይሳሳቁባታል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ፊቴ ይግላል። ምን አሳፈረኝ? የኔ ዕቃ አይደለችም። ነገር ግን የኔ መሰለችኝ። ዓመት ሙሉ የሳልኳትን ክንፍ ሰው ሁሉ እየሳቀባት ሲያልፋት ተናደድኩ። አዎ፣ ተናደድኩ፤ በገበሬዎቹ ትክክለኛ ምርጫ።

ጋሽ ሞላ ተራቸው ሲደርስ በምርኩዛቸው ተነሡና ወደ ጠረጴዛው ሳይሆን ወደ እኔ መጡ። እሳቸው ከሌላው የተለየ ጭንቅ ነበረባቸው። ቤታቸው ፀጉር መቁረጥ ጀምረው ነበር፤ እጃቸው የተባረከ ነው ይባላል። የመቁረጫ ቶንዶሳቸውን ባትሪ ግን በየሳምንቱ ደባርቅ ልከው ነው የሚያስሞሉት፤ ባትሪው ሲዘገይ ሥራው ይቆማል። ቤታቸው ኃይል ከገባ እዚያው፣ ከሚስታቸው ጋር፣ ሠርተው ይኖራሉ። ካልገባ ግን ሥራ ፍለጋ መሰደዳቸው ነው።

«ልጄ፣ እግሬ ከድቶኛል፤ የቀረኝ እጄ ነው» አሉኝ። «አንቺ ጣሪያዬ ላይ ወጥተሽ አይተሻል። ከነዚህ ሁሉ ሰዎች ቤት የኔን ቤት ታውቂዋለሽ። የትኛውን ልውሰድ?»

አስተባባሪው አጠገቤ ነበር። ሰዉም ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ ሰው በተሰበሰበበት አስተያየቴ ሲጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ድምፄ ሳይጠፋ፣ ሳልንተባተብ፣ ጥርት አድርጌ «ነፋሱን ይውሰዱ፣ ጋሼ» አልኩ።

ነፋሱን ይውሰዱ አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። «ሶላሩን» ብል ማን ይቆጣኝ ነበር? አስተባባሪው ቢኮሳተር ነው። ለአንድ ሰው ኩስትር ፊት ብዬ የሌላውን ኑሮ ሰጠሁ ብላችሁ ብትፈርዱብኝ እንኳ ገና አቅልላችሁልኛል። ደስ ብሎኝ ነበር። ተርባይኗ ሰው በማግኘቷ ደስ ብሎኝ ነበር።

ተርባይኗ ተተከለች። አውድማ ላይ ነፋስ በሚያገሣበት ቀን እንኳ ጣሪያው ላይ ሁለት ዙር ዞራ ትቆማለች፣ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች፣ ደግሞ ትቆማለች። ከወር በኋላ ለጉብኝት ስሄድ በር ላይ ጭቅጭቅ ሰማሁ። አያ ደሴ የሚባሉ ጎረቤት ለወንድማቸው ልጅ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ መጥተው፣ ቶንዶሱ መሀል ላይ ዝም ብሏል። የጭንቅላታቸው ቀኝ ጎን ተላጭቷል፤ ግራው እንዳለ ነው።

«አያ ሞላ፣ በል እንጂ! የሰው ልጅ ልጠይቅ በግማሽ ራስ ልሂድ?»

«ትንሽ ጠብቅ፣ ነፋስ እስኪመጣ።»

«ነፋስ እስኪመጣማ ልጅቱን ሌላ ያገባታል!»

«ጋቢህን በግራ በኩል ተከናነብና ሂድ» አለች እትዬ ስንዱ፤ ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ «ሶላሩን ውሰድ አላልኩህም?» አለችው። አሁን አትስቅም ነበር።

«ልጅቱ ተምራ የነገረችኝን ትቼ አንቺን ልስማ?» አሉ ጋሽ ሞላ። በመቀስ እየጨረሱ ነበር። ቀና ሲሉ አዩኝ። አላፈሩብኝም፣ አልወቀሱኝም። ይልቅ «ልጄ፣ ጥዶቹ ይሆኑ የጋረዷት?» ብለው ጠየቁኝ።

እነሆ ሁለተኛ ዕድል። «ጥዶቹ አይደሉም፣ ጋሼ፤ ቦታው ነው፤ እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎት» ማለት ይቻል ነበር። ያን ጊዜ ቢሆን አቤት ብዬ፣ ለምኜ፣ ምርጫቸውን ለማስቀየር መሞከር እችል ነበር። እኔ ግን «ሊሆን ይችላል» አልኩ። የተማረ ሰው መደበቂያ ናት ይህች ቃል። ውሸት አይደለችም፤ እውነትም አይደለችም። ሊሆን ይችላል ብዬ ማስታወሻዬን ዘግቼ ወጣሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ሞላ ጥዶቹን አስቆረጧቸው። ሰባቱንም። አባታቸው የተከሏቸው ነበሩ። ባሕር ዛፍ ቢሆን ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥድ ከተቆረጠ ግን አበቃ። ነፋሱስ? መጣ፤ ግን እየተሽከረከረና እየተጋጨ ነበር የመጣው። ተርባይኗ ስትንቀጠቀጥ ቆርቆሮው አብሯት ይንቀጠቀጣል። ምስማሮቹ ላሉ፣ ከዚያ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ በዚያው ገባ። እትዬ ስንዱ ያን ቤት ነፋስ ሳያገኛት ሃያ ዓመት ኖራበት፣ አሁን ምድጃ ሥር ተኮራምታ ታስል ጀመር። ቶንዶሱ እንደቆመ ነው።

ሰዎች ዛሬም ይጠይቁኛል። «የኛ አገር እኮ ነፋሳም ነው፤ ለምን በየጣሪያው አይተከልም?» ይላሉ። እንዲህ ሲሉኝ እቆጣለሁ። አገሩ ነፋሳም ነው፤ ጣሪያው ግን አይደለም! ገደል አፋፍ ላይ፣ ከቤት ርቆ፣ ረጅም ምሰሶ ላይ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። በተራ ሰው ጭቃ ቤት ላይ ግን የሚያስገኘው ከሚያፈርሰው አይበልጥም። በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልቃል እኮ! ይህችን ሁለት ዐረፍተ ነገር ያን ቀን ምን ዋጣት? አሁን በየአጋጣሚው ለሚጠይቀኝ ሁሉ እየተቆጣሁ እናገራለሁ። ለማይመለከተው ሰው ደፋር ሆኛለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ጋሽ ሞላ ደባርቅ ቢሮ መጡ። ተርባይኗን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ አስጭነው ነው ያመጧት። ክንፎቿን አንድ በአንድ ወልውለዋቸዋል። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ አሳፈርኩሽ» አሉኝ። «አንቺ ለፍተሽ ያመጣሽልኝን መያዝ አቃተኝ። ቦታውም የኔ ጥፋት፣ ዛፉም የኔ ጥፋት። ይቅር በይኝ።»

ኮፍያ አውልቆ ይቅርታ የሚጠይቅ ታላቅ ሰው ፊት ዝም አይባልም። መልሱን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ የተበደለ ሰው ነው የሚመልሰው። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ጋሼ» አልኩ።

ይቅር አልኳቸው። በራሴ በደል እሳቸውን ይቅር አልኳቸው። «ነፋሱን» ስል ክብር ፈልጌ ነበር፤ «ሊሆን ይችላል» ስል ፈርቼ ነበር፤ ይህችን ስል ግን ምን ፈልጌ ነበር? እሳቸው እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሸሸሁ። የሸሸሁት እንዳልለቅስ ነው፤ እውነቱን ልናገር ግን አልሞከርኩም። ቀለል ብሏቸው ወጡ። በመስኮት ሲያነክሱ አየኋቸው፤ አልጠራኋቸውም።

አሁን አዲ አርቃይ የአንድ እህል መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ናቸው። እትዬ ስንዱ ቤቷን ይዛ እዚያው ቀርታለች፤ ለበዓል ለበዓል ነው የሚገናኙት። ያን እግራቸውን የሰበረውን የሊማሊሞ መንገድ ይወጡታል፣ ይወርዱታል። እጃቸው የተባረከ ነው ያልኳችሁ ሰው ዱላ ይዘው በር ይጠብቃሉ። ሰው ሲጠይቃቸውም «ልጅቱማ መክራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅኩበት» እያሉ እንደሚመልሱ ሰምቻለሁ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ብትሰጡኝ እንኳ የእናንተ አይደለም። ለእናንተ የነገርኳችሁ ስለማታውቁኝ፣ ፊታችሁን ስለማላይ፣ ነገ መንገድ ላይ ብታልፉኝ ስለማንተዋወቅ ነው። ይህም ያው ሽሽት ነው። ልቤ ቀለለኝ ብዬ እንዳልጽፍ ራሴን ከልክያለሁ፤ እውነቱን ያልሰሙት እሳቸው ናቸውና። ይህን ሁሉ እንዲህ አሳምሬ መጻፍ ችዬ፣ እሳቸው ፊት ቆሜ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት አልቻልኩም። ከደባርቅ አዲ አርቃይ ጠዋት በአውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ለምሳ ይደርሳል። መናኸሪያው ከቢሮዬ በር ይታያል።